ጠጋ በሉ

ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣
ባጃጄን ቀሰቀስኳት መናኸሪያው አጠገብ።
ሁለቴ ሳለችና ሦስተኛው ላይ ነቃች፤
የቆላ ልጅ ነበረች፣ የደሴን ብርድ መች ለመደች?
ከኋላ ክዳኗ ውስጥ፣ ከሞተሩ በላይ፣
አንድ ጽሑፍ ተለጥፏል፣ ለተሳፋሪ የማይታይ።
ፊደሉ የህንድ ነው፤ ከላይ መስመር ተዘርግቶ፣
እንደ ታጠበ ልብስ ተንጠልጥሏል ተሰጥቶ።
ማንበቡን አላውቅበትም። ግን ባየሁት ቁጥር
ሚስተር ባነርጂ ይመጣል፣ ከነጃንጥላው፣ ከነቁጥር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን ሒሳብ ያስተማረን፣
ጠመኔ በነካ ጣቱ አገሩን ያሳየን።
«ካልካታ» ይላል «ከተማዬ፣ ባቡር ከሰው እኩል ይሄዳል፤
ላም አስፋልት ላይ ትተኛለች፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤
ክረምት ሲገባ ጫማ በእጅ ይያዛል፣
ጋዜጣ የጀመረ ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጨርሳል።»
ሙሄ ገብረማርያም፣ ከኋላ ወንበር ተነስቶ፣
«ይህ ሁሉ ሰው የት ይተኛል?» አለው፣ ሊያስቀን ሽቶ።
ሚስተር ባነርጂ ዝም አለ። ሦስት ልጅ የጠበበው ዴስክ ጋ መጣና
«ጠጋ በል!» አለ በአማርኛ፣ በዳሌው ገፋ አርጎ ተቀመጠ፤
«እንዲህ ነው የምንተኛው» ብሎ፣ ትምህርቱን ቀጠለ ካቋረጠ።

ሰኞ ሰኞ ገበያ ወርዶ፣ ዝንጅብል በመዳፉ መዝኖ፣
ዋጋ ሲጠሩለት ይደነግጣል፣ በልቡ ግን አምኖ።
ባለ ዝንጅብሏ ትቆጣለች፣ «እንኳን ላንተ፣ ላባቴም አልቀንስ!»
ሦስት እርምጃ ይርቃል፤ ትጠራዋለች፤ ይዞራል፣ ቀስ።
«ይህን» ይለናል በማግስቱ «ከእናቴ ነው የተማርኩት፣
በሌላ ገበያ፣ በሌላ ቋንቋ፤ እርምጃው ግን ሦስት ነው፣ ቆጠርኩት።»

ሲሄድ አልተሰናበተንም። አንድ ጠዋት ከሚስማሩ ጃንጥላው ጠፋ፤
ሰሌዳው ላይ ግማሽ እኩልታ ቀረ፣ እስከ ሰኔ ማንም ሳያጠፋ።

አሁን ሃምሳ ስምንቴን ይዤ፣ ከወጣሁ ወዲህ ከፋብሪካ፣
ፒያሳ ሸዋ በር ስመላለስ ገባኝ፤
ያ ሰው ሲነግረን የኖረው ደሴን ነበር፣ ለካ።
አህያ አስፋልቱ መሃል ቆማ ታስባለች፣ እጠብቃታለሁ፤
ጥሩምባ አይገባትም፤ አንገቴን አውጥቼ እለምናታለሁ።
ጎርፍ ሲወርድ ሴቶቹ ይሻገራሉ፣ ጫማ አንጠልጥለው፤
ጎረምሶቹ ስልክ ያነባሉ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው።
አዛንና ቅዳሴው በአንድ ጉም ውስጥ ይገናኙና
ጠጋ ይባባላሉ እነሱም፣ ሰማዩ ጠባብ ነውና።

ሐሊማ ሁለት ዶሮ፣ ሼህ እንድሪስ አንድ ቆርቆሮ፣
ለሦስት በተሠራ ወንበር አምስት ሰው፣ አንድ ሮሮ።
«አብሽሩ!» እላለሁ «ጠጋ በሉ፤ ወራጅ አለ ቧንቧ ውሃ ጋ።»
ትራፊክ ፖሊሱ ሲታይ አንዷ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች፣
ማዶ ላይ መልሳ ልትጠጋ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ህንድ፣ የፈትል ማሽን አዋቂ፣
ከኮምቦልቻ በሸሚዝ የመጣ፣ የደሴን ብርድ ናቂ፣
ገባ። ልቤ ዘለለ። መንገድ ዳር ቆምኩና
ክዳኗን ከፍቼ «አንብብልኝ» አልኩት፣
አርባ ዓመት የታሸገ ደብዳቤ እንደሚያስነብብ ሆንኩና።
አጎነበሰ። አነበበ። ፈገግ አለ በጎን፤
«ከመነሳትህ በፊት ዘይት እይ ይላል፤ በቃ፣ ይኸን።»
«ካልካታንስ ታውቃለህ? ባነርጂ የሚሉት፣ ጃንጥላ ያለው?»
«እኔ የሱራት ልጅ ነኝ፤ ካልካታ አንድ ቀን ተኩል በባቡር ነው።»

ዘይቷን አየሁ። ጎድሎ ኖሯል።

ሰኞ ገበያ መታጠፊያው ላይ አንዲት ሴት እጇን ዘረጋች፣
ጌሾ በማዳበሪያ ይዛ፤ ወንበሩን አይታ አመነታች።
አፌን ልከፍት ስል፣ አንድም ቃል ሳልተነፍስ፣
ሰውየው ቦርሳውን ወደ ጭኑ፣ ጉልበቱን ወደ ጠርዙ መለስ፤

ጠጋ አለ።